ሲስተሯ ፊቷን ያጠቆረችው ለምንድን ነው? ከነርሶች ድካም ጀርባ ያለው ታሪክ



ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የሁለት ዓመት ልጇ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሌሊት ላይ ጉሉኮሱ መውረድ አቆመና ነርሷን ሦስት ጊዜ ሄዳ ጠራቻት። ነርሷ በሦስተኛው መጣች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ካኑላውን አስተካከለች፤ የእናትየዋን ፊት እንኳን ሳታይ ወጣች። እናትየዋ መልእክቷን የጨረሰችው በጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም ወይ?»

ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም። ጥያቄዋ የራሴን አንድ ሌሊት አስታወሰኝ።

ኢንተርን ሳለሁ ነው። አንድ ታካሚ ሌሊት መውሰድ የነበረበት አንቲባዮቲክ ሳይሰጠው አደረ። ተረኛዋን ነርስ አስታማሚዎች በተሰበሰቡበት ተቆጣኋት። ዝም አለች። ሲነጋ ዕቃ ለመውሰድ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ስገባ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ስሞክር እንዲህ አለችኝ፦ «ያስለቀሰኝ የአንቺ ቁጣ አይደለም። መርሳቴ ነው። እኔ እንደዚህ ዓይነት ነርስ አልነበርኩም።» ያን ሌሊት ከሠላሳ በላይ ታካሚዎችን ብቻዋን ይዛ ነበር። እኔ ከመቆጣቴ በፊት ስንት ታካሚ እንደያዘች አልጠየቅኳትም።

«እኔ እንደዚህ ዓይነት ነርስ አልነበርኩም» የሚለው ቃል ዛሬ ለምጽፍላችሁ ታሪክ ቁልፍ ነው። እንደ ወትሮው ስለ አንድ በሽታ ከመጻፍ ይልቅ እናንተንና ልጆቻችሁን ስለሚያስታምሙት ሰዎች ልንገራችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጥሪ» የተባለው ሥራ

ነርስን «ሲስተር» ብለን የምንጠራው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉ በእንግሊዝኛ እህት ማለት ነው። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ሕሙማንን ያስታምሙ የነበሩት ደናግል መነኮሳት ስለነበሩ መጠሪያው ከገዳም ወደ ሆስፒታል ገባ።

የዘመናዊው ነርስነት ታሪክ ሲነገር ቀድሞ የሚጠራው ስም ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የቆሰሉ የእንግሊዝ ወታደሮችን ለማስታመም ነርሶችን ይዛ ወደ ቱርክ ሄደች፤ በ1860 ደግሞ ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ትምህርት ቤቱ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ይቀርጽ ነበር። ንጽሕና፣ ታዛዥነት፣ ሥነ ሥርዓትና ራስን መስጠት የሙያው እሴቶች ሆኑ።

እነዚህ እሴቶች የብዙ ሰው ነፍስ አትርፈዋል። ግን ሌላ ጎንም አላቸው። ሥራው «ጥሪ» ከተባለ «ደከመኝ» የምትል ነርስ ጥሪዋን የካደች ትመስላለች። ደመወዝ አነሰ ማለት ስግብግብነት፣ ዕረፍት መጠየቅ ደግሞ ራስ ወዳድነት ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሙያውን እንደ ጥላ ሲከተለው ኖሯል።

በዚያው ጦርነት የሌላ ሴት ታሪክም አለ። ሜሪ ሲኮል የጃማይካ ተወላጅ ስትሆን ኮሌራን በማስታመም ልምድ ነበራት። ከነርሶቹ ጋር ለመሄድ ለንደን ውስጥ በየቢሮው አመለከተች፤ አልተቀበሏትም። ምክንያቱ የቆዳዬ ቀለም ይሆን ወይ ብላ እንደጠረጠረች በሕይወት ታሪኳ ላይ ጽፋለች። በራሷ ገንዘብ ክራይሚያ ድረስ ሄዳ ወታደሮቹን አስታመመች። የማገልገል ፍላጎቷ ከማንም አላነሰም፤ በሩ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ እናያለን።

ከእኛው ቤት የወጣች የባዕድ አገር ነርስ

በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ከሠሩት የውጭ ተወላጆች መካከል አንዷ የእኛዋ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1936 ጣልያን አገራችንን ሲወር ከአባታቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ ገቡ። በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። የዚያን ዘመን የነርስ ተማሪ ሕይወት አልጋ ማንጠፍ፣ ወለል መጥረግ፣ የሕሙማንን ንጽሕና መጠበቅና ረጅም ሰዓት በእግር መቆም ነበር።

ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1942 ነቀምቴ ውስጥ ገና በወጣትነታቸው አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ብለን የምናውቀው እሱ ነው። በዚያ በር ባለፋችሁ ቁጥር ስሙ የአንዲት ነርስ መታሰቢያ እንደነበረ አስታውሱ።

1948፦ ሁለት ዓይነት ወረቀት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ሐምሌ 5 ቀን 1948 ለሕዝቡ ሁሉ በነፃ የሚሰጥ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጀመረች። የሚሠራበት ሰው ግን አልነበራትም። ስለዚህ ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስ፣ ከትሪኒዳድና ከሌሎች ቅኝ ግዛቶቿ ወጣት ሴቶችን ለነርስነት ሥልጠና መመልመል ጀመረች።

ሁለት ዓይነት የነርስ ሥልጠና ነበር። የሦስት ዓመቱ በመንግሥት መዝገብ ለሚሰፍር ሙሉ ነርስነት ያበቃል፤ እድገትና ኃላፊነትም ያስገኛል። የሁለት ዓመቱ ረዳት ደረጃ ስለሆነ የዕድገት መንገዱ ዝግ ነው። ከካሪቢያን የመጡት ብዙዎቹ ልዩነቱን በደንብ ሳይነገራቸው ወደ ሁለት ዓመቱ ተመደቡ። ለሙሉ ነርስነት የሚያበቃ ትምህርት የነበራቸውም ነበሩበት። የባሰው ደግሞ ያ የሁለት ዓመት ወረቀት በብዙዎቹ የትውልድ አገር ዕውቅና አልነበረውም። ተምሬ አገሬን አገለግላለሁ ብላ የወጣች ልጅ ይዛው የማትመለሰው ወረቀት ተሰጣት ማለት ነው። የሌሊት ተራና ማንም የማይፈልገው ክፍልም በብዛት የእነሱ ድርሻ ነበር። «በጥቁር እጅ አልነካም» የሚሉ ታካሚዎችም አጋጥመዋቸዋል። እነሱም እነዚያኑ ሰዎች አጥበው፣ አጉርሰው አሳድረዋቸዋል።

አገሬው ነርስስ?

እዚህ ላይ «የአገሩ ተወላጅ ነርሶች ተመችቷቸው ነበር ማለት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አልተመቻቸውም።

ኢዛቤል ሜንዚስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የለንደን ማስተማሪያ ሆስፒታልን አጥንታ ውጤቱን በ1960 አሳተመች። ከተማሪ ነርሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር። ለምን? ሜንዚስ ያየችው ይህን ነው፤ ነርስ ቀኑን ሙሉ ከሥቃይና ከሞት ጋር ትውላለች። ሆስፒታሉ ያን ጭንቀት እንድትችለው ከማገዝ ይልቅ ከታካሚው የሚያርቅ አሠራር ዘረጋ። አንዷ ነርስ የሁሉንም ታካሚ ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ ለሁሉም አልጋ ታነጥፋለች፤ አንድን ታካሚ የእኔ ብሎ የሚይዝ ግን የለም። ታካሚው በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩና በታመመው አካሉ ይጠራል፤ «አሥረኛ አልጋ ላይ ያለው ጉበት» እንደማለት። ሰዓቱ ደረሰ ተብሎ የተኛ ሰው የእንቅልፍ መድኃኒት እንዲውጥ የሚቀሰቀስበት ጊዜም ነበር።

እነዚያ ልጆች ነርስ የሆኑት ሰውን ለመርዳት ነው። ሥራው ግን ሰውየውን እንዳያዩት አደረጋቸው። ሥልጠናውን ትተው ከወጡትም መካከል ጎበዝ የተባሉት ነበሩበት።

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ ተመለሱ። ነርሷ ፊቷን ያላዞረችው ልብ ስለሌላት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ልቡ መሸከም ከሚችለው በላይ ስለተጫነበት ነው።

ከፊሊፒንስ እስከ አሜሪካ

አሜሪካ በ1898 ፊሊፒንስን ከስፔን ተረክባ ስትገዛ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩና የአሜሪካን ሥርዓት የሚከተሉ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1948 በተጀመረ የልውውጥ ፕሮግራም ብዙ የፊሊፒንስ ነርሶች ለሁለት ዓመት «ለመማር» አሜሪካ ገቡ። በብዙ ሆስፒታሎች ግን ትምህርቱ ስም ብቻ ነበር። የሙሉ ነርስ ሥራ እየሠሩ የሚከፈላቸው የተለማማጅ ገንዘብ ነው። በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ በቋሚነት ለመኖር የሚሄዱት በረከቱ።

እነዚህ ነርሶች የሚይዙት የራሳቸው እሴት አለ። በፊሊፒንስ ቋንቋ «ሂያ» የሚባል ስሜት አለ፤ በእኛ አማርኛ ለይሉኝታ በጣም የቀረበ ነው። ሰውን ማስቀየም ይከብዳል፤ «አልችልም» ማለት ያሳፍራል። በዚህ ላይ አገር ቤት ወርኃዊ ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ይህ ታሪክ የማን ቤት ታሪክ እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በ1975 የበጋ ወራት ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር ከተማ ባለ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል በርካታ ታካሚዎች ትንፋሻቸው በድንገት እየቆመ አንዳንዶቹ ሞቱ። ሁለት የፊሊፒንስ ተወላጅ ነርሶች ተከሰው በ1977 ጥፋተኛ ተባሉ። ብዙም ሳይቆይ ዳኛው አቃቤ ሕግ በተሳሳተ መንገድ ተጉዟል ብለው ክርክሩ እንደገና እንዲታይ አዘዙ፤ በ1978 ክሱ ተነሳ። ሁለቱ ሴቶች ነፃ ወጡ። በአሜሪካ ያሉ የአገራቸው ልጆች ግን ባዕድ የሆነች ነርስ ነገር ሲበላሽ ምን ያህል በቀላሉ ልትጠረጠር እንደምትችል አዩ።

ድካሙ ስም አገኘ

በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በነፃ ክሊኒክ የሚያገለግሉ ሰዎች በጋለ ስሜት ጀምረው ከጊዜ በኋላ እንደተቃጠለ ቤት ባዶ ሲሆኑ አየ። ሁኔታውን በርንአውት አለው። በ1981 ክሪስቲና ማስላክና የሥራ ባልደረባዋ መለኪያ አወጡለት። ሦስት ነገሮችን ያያል፦

• ውስጥ ድረስ የሚዘልቅ ድካም፤
• ታካሚን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ማየት፣ መሰላቸትና ምሬት፤
• «የምሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት።

ማስላክ በኋላ ከማይክል ላይተር ጋር ሆና ሰውን የሚያዝሉትን የሥራ ቦታ ችግሮች በስድስት ከፈለቻቸው፦ የሥራ ጫና፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣት፣ ተገቢ ክፍያና ምስጋና ማጣት፣ የባልደረቦች መራራቅ፣ ፍትሕ ማጣት እና የእሴት ግጭት። የመጨረሻውን ልብ በሉት። ነርሷ ታካሚዋን በደንብ ማስታመም ትፈልጋለች፤ የሥራ ቦታዋ ግን ያንን እንድታደርግ አይፈቅድላትም። አንድሩ ጄምተን የተባለ ፈላስፋ በ1984 ስለ ነርሶች ሲጽፍ ትክክለኛውን ነገር እያወቁ ማድረግ አለመቻል የሚፈጥረውን የሕሊና ጭንቀት ለይቶ ስም ሰጥቶታል። «እኔ እንደዚህ ዓይነት ነርስ አልነበርኩም» ያለችኝ ሴት የተናገረችው ይህንን ነው።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚጎዱት ሙያቸውን የሚወዱት ናቸው። ከውጭ የመጣች ነርስ ከስድስቱ ላይ ሌላ ሸክም ትደርባለች። የቋንቋ ችግር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስጋት፣ ቤተሰብ ናፍቆት፣ ዘረኝነት፣ አገሯ ላይ ኃላፊ ሆና እዚያ ከታች መጀመር ሁሉ አለባት። ይሉኝታ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ያስብላታል። ፈገግ እያለች የምትሠራ ሁሉ ደህና ናት ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በርንአውትን ሲተረጉም በሽታ ብሎ አልመዘገበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መታከም ያለባት ነርሷ ብቻ ሳትሆን የሥራ ቦታውም ነው።

ይህ እናንተን ለምን ይመለከታል?

በ2002 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መረጃ መርምረው አንድ ነገር አሳዩ። አንዲት ነርስ በምትይዘው የታካሚ ቁጥር ላይ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ፣ ነርሷ የመዛል ዕድሏ ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ይላል። የነርሷ ድካምና የታካሚው አደጋ ምንጫቸው አንድ ነው።

የካሊፎርኒያ ግዛት ነርሶች ከረጅም ትግል በኋላ በ1999 አንዲት ነርስ ልትይዘው የምትችለውን የታካሚ ቁጥር የሚወስን ሕግ አስወጡ። በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ እዚያ በመደበኛ የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ ከአምስት ታካሚ በላይ እንድትይዝ አይፈቀድም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ የእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሒሳብ በአንድ ጊዜ ተወራረደ። የአሜሪካ ትልቁ የነርሶች ማኅበር በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ባወጣው ሪፖርት በኮሮና ከሞቱት የተመዘገቡ ነርሶች ወደ ሲሶ የሚጠጉት የፊሊፒንስ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። በአገሪቱ ከሚሠሩት ነርሶች ግን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። በጽኑ ሕሙማን ክፍልና በሕሙማን አልጋ ዳር በብዛት የሚሠሩት እነሱ መሆናቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነርስ ሆነው የሚያገለግሉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ስላለባቸው ሌሎች አገሮች በዘመቻ መልክ ሊመለምሉባቸው አይገባም ብሎ በ2023 ካወጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም አለች። አንዲት ነርስ ስትሄድ እዚህ የምትቀረዋ ነርስ ታካሚዋ ይጨምራል። የሄደችውን አልወቅስም፤ ሁለቱም የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው።

ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ለታካሚዎችና ለወላጆች፦

1. ተረኛዋን ነርስ ስሟን ጠይቁ፤ የእናንተንና የልጃችሁንም ንገሯት። አልጋ ቁጥር ሆኖ የቀረውን ግንኙነት ሰው የሚያደርገው ይህ ነው።
2. ከአስታማሚዎች መካከል አንድ ሰው ተጠሪ ይሁን። አምስት ሰው ተራ በተራ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ የሌሎች ታካሚዎች ጊዜ ይባክናል።
3. የማያስቸኩሉ ጥያቄዎችን ጽፋችሁ አቆዩና ነርሷ ወደ አልጋው ስትመጣ በአንድ ላይ ጠይቁ።
4. አደጋ ስታዩ ግን ይሉኝታ አይያዛችሁ! ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ መንቀጥቀጥ፣ ልጁን መቀስቀስ አለመቻል፣ የሚፈስ ደም ካለ ወዲያውኑ ጮክ ብላችሁ ተጣሩ።
5. በደል ከደረሰባችሁ መብታችሁ ነው፤ ለክፍሉ ኃላፊ አመልክቱ። ስታመለክቱ ግን «በዚያ ሌሊት ስንት ታካሚ ለስንት ነርስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ከጠየቀ አስተዳደሩ መልስ መፈለጉ አይቀርም።

ነርስ ለሆናችሁ ወይም ነርስ ቤተሰብ ላላችሁ፦

ከዕረፍት በኋላ የማይለቅ ድካም፣ ወደ ሥራ መሄድ ማስጠላት፣ በታካሚ ላይ መጨከንና እንቅልፍ ማጣት ምልክቶች ናቸው። ስንፍናም የእምነት ማነስም አይደለም። ለምታምኑት ባልደረባ ተናገሩ፤ የክፍል ለውጥ ወይም ዕረፍት ጠይቁ። ተስፋ መቁረጥ ወይም መሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ ነገ ሳትሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ። ውጭ አገር ላለች እህታችሁ ስትደውሉም ከገንዘቡ በፊት «ተኝተሻል? በልተሻል?» በሏት።

ለዚያች እናት በመጨረሻ የመለስኩላት ይህን ነው፦ «ልብ አላቸው። ጭነቱ ነው የበዛባቸው። ደግሞም አንቺ ሦስት ጊዜ ሄደሽ መጥራትሽ ትክክል ነበር።» ከሁለት ቀን በኋላ ልጇ ከሆስፒታል ሲወጣ እንደገና ጻፈችልኝ። ስትወጣ ያችኑ ነርስ ፈልጋ ስሟን ጠይቃ አመስግናታለች። ነርሷ መጀመሪያ ደነገጠች አሉ፤ ቀጥላ «ትንፋሹ እንዴት ሆነ?» ብላ ልጁን ተቀብላ አቀፈችው።

የእናንተስ ገጠመኝ ምን ይመስላል? ነርሶችም ታካሚዎችም፣ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ይህ ጽሑፍ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!